መልስ፦ በብሌንደር የፊትና የአንገት ቀለም ሲለያይ

ሰላም ወንድሜ። በብሌንደር (የ3ዲ ሥራ ሶፍትዌር) የሠራኸውን ሰው ሬንደር ስታደርግ (የመጨረሻውን ምስል ስታወጣ) ጭንቅላቱና ሰውነቱ ቀለማቸው ተለያይቶ አንገቱ ላይ መስመር ይታያል ነው ያልከው። ቆዳውን የሚያለብሱት ምስሎች (ቴክስቸሮች) ከአንድ ስብስብ የወጡ ከሆነ ፎቶሾፕ ለመክፈት አትቸኩል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የቀለም ነው ወይስ የብርሃን የሚለውን ለይ። የጭንቅላቱንም የሰውነቱንም ማቴሪያል (የገጽታ ቅንብር) የቀለም ምስል በቀጥታ ኤሚሽን (ቀለሙን ያለ ብርሃንና ጥላ የሚያሳይ) ላይ ሰካና እይ። መስመሩ ከጠፋ ምስሉ ንጹህ ነው። ችግሩ ቆዳው ብርሃን የሚቀበልበት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው ረፍነስ (የቆዳው ሻካራነት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆዳው ያብረቀርቃል) ላይ ነው። የረፍነስ ምስል ከለር ስፔሱ (ብሌንደር የምስሉን ቁጥሮች የሚያነብበት መንገድ) ኖን-ከለር፣ ማለትም ቁጥሩ ሳይለወጥ የሚነበብበት፣ መሆን አለበት። የፊቱ ኤስአርጂቢ (ለቀለም ምስሎች የሚሆነው ምርጫ) ላይ ከቀረ 0.5 የነበረው ወደ 0.21 ይወርዳል። ያኔ ፊቱ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፣ አንገቱ ግን ደረቅ ነው። ዓይን ይህን እንደ ቀለም ልዩነት ነው የሚያነበው። እግረ መንገድህን ኖርማል ማፑንም (የቆዳውን ጥቃቅን ጎርበጥባጣ የሚያሳየውን ምስል) እይ፤ እሱም ኖን-ከለር ነው።

ከዚያ የሰብሰርፌስ (ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚበተንበት ቅንብር) ዌይት፣ ራዲየስና ስኬል በሁለቱም ማቴሪያል አንድ ይሁኑ። አንዱ ስኬል 0.05 ሌላው 1 ከሆነ በጭራሽ አይገጥሙም።

ቀጭን መስመር ብቻ ከቀረና ጭንቅላቱና ሰውነቱ የተለያዩ ሜሾች (የ3ዲ ቅርጾች) ከሆኑ በኮንትሮል ጄ አዋህዳቸው። የጠርዙን ነጥቦች ብቻ መርጠህ መርጅ ባይ ዲስታንስ (የተጠጋጉ ነጥቦችን አንድ የሚያደርግ ትዕዛዝ) በል። ፋይሉን ግን አስቀድመህ ኮፒ አድርግ።

በኤሚሽኑም መስመሩ ካልጠፋ፣ አዎ፣ ምስሉ ራሱ ነው። ያኔ ምስሉን በፎቶሾፕ ስታስተካክል የቀለም ናሙና የምትወስደው ከመስመሩ ግራና ቀኝ ነው፣ ከጉንጭ አይደለም። ጉንጭ ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ ነው።