ድምፁን የሚሰማው ማን ነው?

ውድ ወጣቶች፣

የ19ኛው ክፍለ ዘመን አስፈሪ ልቦለዶችን የሬዲዮ ድራማ ልታደርጉ ካሰባችሁ፣ ሲጥ የሚል በር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ይህችን ጥያቄ መልሱ፦ ድምፁን የሚሰማው ማን ነው?

የኤድጋር አለን ፖን «አሳባቂው ልብ» (እ.ኤ.አ. 1843) ውሰዱ። ገዳዩ ከወለሉ ሥር የሟቹን የልብ ትርታ ይሰማል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ፖሊሶች ግን የሰሙ አይመስሉም። ትርታውን ካሰማችሁ አድማጩ የገዳዩ ጭንቅላት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከተዋችሁት ከፖሊሶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሰው ሲያብድ ይታዘባል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ሳያውቁ መደባለቅ ነው ድራማውን የሚገድለው። በቻርልስ ዲከንስ የባቡር ምልክት ጠባቂ ታሪክም (1866) ያልተደወለውን ደወል የሚሰማው ጠባቂው ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደወሉን ባታሰሙ ይሻላል ባይ ነኝ። ጠባቂው ወሬውን አቋርጦ ዝም ሲል ያለችው ሁለት ሦስት ሰከንድ ትበቃለች። ካስረዘማችኋት አድማጩ ሥርጭቱ የተቋረጠ ይመስለዋል።

ትርታውን ካሰማችሁ በደቂቃ 60 ምት ጀምራችሁ ቀስ በቀስ 120 አድርሱት። የስልክ ስፒከር ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እምብዛም አያወጣም፤ በስቱዲዮ ደረት የሚያንቀጠቅጠው ምት ታክሲ ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። ጨርቅ የለበሰ የእንጨት ሳጥን በጣት መታ መታ አድርጋችሁ ደርቡበት።

የደም መጣጩ ታሪክ «ድራኩላ» ሌላ ጣጣ አለው፤ መጽሐፉ የተጻፈው በገጸ ባሕርያቱ ማስታወሻ፣ ደብዳቤና ቴሌግራም ስለሆነ ለተራኪ ያመቻል። አሜሪካዊው ተዋናይና አዘጋጅ ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1938 በአሜሪካው ሲቢኤስ ሬዲዮ በአንድ ሰዓት ሲያቀርበው ድራኩላንም ማስታወሻ ጸሐፊውን ዶክተር ሴዋርድንም ሆኖ ተጫውቷል። የኛ ጆሮ መጽሐፍ ትረካ ስለለመደ ጸሐፊዎቻችን ሁሉን በተራኪ ያስነግራሉ። በሩ ሲከፈት ከተሰማ «በሩን ከፈተ» የሚለውን ሰርዙ።

ሴሎፋን ጨምድዶ እሳት፣ ቆርቆሮ አርገፍግፎ ነጎድጓድ ማሰማት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። የሚከብደው ሌላ ነው። የድሮዎቹ የሬዲዮ ድራማ ሠሪዎች በቀጥታ ሲያስተላልፉ ድምፅ ሠሪው እዚያው ስቱዲዮ ስለነበር ተዋናዩ ሰምቶ ይደነግጥ ነበር። ዛሬ ድምፁ በኤዲቲንግ ስለሚገባ ነጎድጓዱ ይጮኻል፣ ተናጋሪው ሻይ እንደሚጠጣ ሰው ይረጋጋል። ስለዚህ ስትቀዱ ትርታውን በጆሮ ማዳመጫ ለገዳዩ ተዋናይ አሰሙት። ፖሊሶቹን ለሚጫወቱት ግን አታሰሙ።