የከዘራ ጠብ በለንደን፦ ባርቲትሱ እውነት ነበር ወይ?

ወንድሜ፣ የሼርሎክ ሆልምስን ፊልም አይተህ «ይሄ በከዘራ መደባደብ የእውነት ነበር ወይስ የፊልም ፈጠራ? ዛሬ ብማረውስ ይረባኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚህ ለንደን ሁለት ዓመት ገደማ ስለተለማመድኩት የማውቀውን ልጻፍልህ። ረዘም ይላል፣ ቡናህን ይዘህ አንብብ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

የእውነት ነበር። ስሙ ባርቲትሱ ይባላል። ፈጣሪው ኤድዋርድ ባርተን-ራይት የሚባል መሐንዲስ ነው። የስሙን መጀመሪያ ጁጁትሱ ከሚባለው የጃፓኖች የትግል ጥበብ ስም መጨረሻ ጋር ገጥሞ ስም አወጣለት (ትሕትና ብዙም አያውቅም ነበር)። ሕንድ ተወልዶ፣ ጃፓን ኮቤ ከተማ ሲሠራ ጁጁትሱ ተምሮ፣ በ1898 ወደ ለንደን ተመለሰ። በዓመቱ ፒርሰንስ በሚባል መጽሔት ላይ «አዲስ ራስ የመከላከል ጥበብ» ብሎ ከነፎቶው አወጣው። ጁጁትሱ፣ ቦክስ፣ ሳቫት የሚባለው የፈረንሳዮች የእርግጫ ጠብ፣ ከዚያ ደግሞ ፒየር ቪኚ የተባለ የስዊዝ መምህር የከዘራ ስልት አንድ ላይ ሆኑ። ከዘራው ለሩቁ፣ እግርና ቡጢ ለመካከሉ፣ ተናንቀው ሲያያዙ ጁጁትሱ።

ጊዜውም ተመቸው። ለንደን በ1862 በማጅራት መቺዎች ፍርሃት ታምሳ ነበር። ሰው አንገቱን እንዳይታነቅ ሹል ያለበት ኮሌታ እስከ መሸጥ ተደርሷል። በ1898 ደግሞ ጋዜጣው ሁሉ ስለ ሰፈር ዱርዬ ነበር የሚያወራው። ጨዋ ሰው ሰይፍ መታጠቅ ከተወ ቆይቷል፣ ከዘራ ግን ከእጁ አይለይም። ባርተን-ራይት ካፖርትህን አውልቀህ ጠላትህ ጭንቅላት ላይ ጣልበት የሚል ዘዴም አስተምሯል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ካፖርቱን እስካወልቅ ድረስ ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ መታኝ።

ባርተን-ራይት የከፈተው ትምህርት ቤት ሻፍትስበሪ አቬኑ የሚባል የለንደን መንገድ ላይ ነበር። ዩኪዮ ታኒና ሳዳካዙ ኡዬኒሺ የሚባሉ ወጣቶችን ከጃፓን አስመጥቶ አስተማሪ አደረጋቸው። በ1902 ተዘጋ። ታኒ ከዚያ በኋላ በየቲያትር ቤቱ እየዞረ «የሚገጥመኝ ማነው?» እያለ ግዙፍ ግዙፍ ሰዎችን ይጥል ነበር። ኡዬኒሺ ካስተማራቸው አንዷ ኤዲት ጋራድ ናት። ቁመቷ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ! ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉትን ሴቶች ጁጁትሱ ያሠለጠነችው እሷ ነች። ከ1913 ጀምሮ የትግሉን መሪ ኤመሊን ፓንክኸርስትን ከፖሊስ የሚከላከሉት የሴት ጠባቂዎች ረጅም ቀሚሳቸው ውስጥ ዱላ ደብቀው ይሄዱ ነበር። ለእኔ ከባርቲትሱ የተወለደው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ የጨዋ ሰው ከዘራ አይደለም።

ባርተን-ራይት በ1951 በ90 ዓመቱ በድህነት ሞተ። ጥበቡም በ1903 በወጣ አንድ የሼርሎክ ሆልምስ ታሪክ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ሆኖ ቀረ። እሷም ፊደል ጎድሎባት «ባሪትሱ» ተብላለች። ወደ 100 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ የመጽሔቱ ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ ወጡ። በ2002 የባርቲትሱ ማኅበር ተቋቋመ፣ እዚህም እዚያም መለማመድ ተጀመረ።

እንግዲህ ወደ እኔ። መጀመሪያ ቀን ፊልሙን ጠብቄ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እጄን ከጭንቅላቴ በላይ ሰቅዬ ቆምኩ። ቪኚ እጅ ከፍ ይበል የሚለው በምክንያት ነው። ዝቅ አድርገህ ከያዝክ የጠላት በትር በከዘራህ ላይ ተንሸራቶ ጣትህ ላይ ያርፋል። እኔ ይሄን ያመንኩት አስተማሪው «ቀስ ብላችሁ ስለሆነ ጓንቲ አያስፈልግም» ባለ ቀን ነው። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ሦስት ሳምንት ቆየ።

በጣም የምወደው ስልት ሆን ብለህ ራስህን ክፍት የምትተውበት ነው። ጠላት ጭንቅላትህን ሲመኝ የፊት እግርህን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ በትሩ አየር ይመታል፣ ያንተ ደግሞ የእጁ አንጓ ላይ ያርፋል። ጓደኛህ እየተባበረህ ሲሆን ግሩም ነው። በነፃ ግጥሚያ ግን አምስት ጊዜ ሞክሬ አንዴ ቢሠራልኝ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ዘመን የቀረን በአብዛኛው ፎቶና ጽሑፍ ነው። በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል እጁ የት እንደሄደ የምንሞላው እኛ ነን። ስለዚህ ልምምዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ መጽሔቱ ላይ ያለውን እንዳለ የሚደግም፣ ሌላው ጎዶሎውን ከሌላ ጥበብ እየሞላ የሚያስኬድ። ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ፣ አስተማሪው ይሄ የጨመርኩት ነው ብሎ እስከነገረህ ድረስ። «በ1901 እንዲህ ነበር» የሚልህ ካለ የትኛው ገጽ ላይ ብለህ ጠይቀው።

ዓላማህ ራስህን መከላከል ብቻ ከሆነ ቦክስና ጁዶ ግባ። ታሪክና በትር የምትወድ ከሆነ ግን ጀምር። የራታን (የሸምበቆ መሰል ተክል) ዱላ፣ የፌንሲንግ (የሰይፍ ግጥሚያ ስፖርት) ጭምብልና ወፍራም ጓንቲ ግዛ፣ ጓንቲውን በተለይ።

አያቴ ከዘራቸውን ይዘው የትም ይሄዱ ነበር፣ ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። እዚህ እንግሊዝ አገር ግን ሕጉ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሐሳብህንም ያያል። ለመደገፊያ የያዝከው ከዘራ ከዘራ ነው፣ ለመምቻ ነው ካልክ መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ የልምምዱን ዱላ ቦርሳ ውስጥ ከጭምብሉ ጋር አድርገህ ያዝ። እኔ አንድ ቀን በእጄ ይዤው አውቶቡስ ገብቼ አንዲት አሮጊት ወንበራቸውን ለቀውልኛል።