የምክር አምድ፦ ከሃቺዮጂ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ለሥራ ወደ ጃፓን ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ የተቃረበ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምሠራው ከመሐል ቶኪዮ በስተምዕራብ በምትገኘው በታቺካዋ፣ በአንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። የምኖረው ግን ኪራይ ስለሚቀል በቹኦ የባቡር መስመር ከታቺካዋ ሦስተኛ ጣቢያ በሆነችው በሃቺዮጂ ነው። ሥራዬንም ሰፈሬንም አልጠላሁም። በእረፍት ቀን ማልጄ ተነሥቼ ባቡር እሳፈራለሁ፤ አንዳንዴ የኦሜ መስመር እስከሚያበቃበት እስከ ኦኩታማ ተራሮች፣ አንዳንዴ ወደ ዮኮሃማ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሩን ተሳፋሪው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ በሚከፍትበት በሃቺኮ መስመር ወደ ሰሜን እሄዳለሁ። አዲስ ጣቢያ ወርጄ ዞር ዞር ብዬ ስመለስ አእምሮዬ ያርፋል።

ነገር ግን እናቴ ማታ ስትደውል «ዛሬስ ከማን ጋር ዋልሽ?» ትለኛለች፤ እኔም በሰው ስም ፋንታ የጣቢያ ስም እነግራታለሁ። እንደሚያውቁት የቶኪዮ ሐበሻ በብዛት የሚኖረው በስተምሥራቅ፣ በካትሱሺካ ወረዳ በዮትሱጊ አካባቢ ነው። እዚያ ያሉ እንደ አክስት የማያቸው አንዲት እትዬ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ዳር ላይ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ወደኛ ነይ እንጂ» እያሉ ይወተውቱኛል፤ ጓደኞቼም የባቡር ጉዞዬን እንደ ብቸኝነት ምልክት ነው የሚያዩት። የቤት ኪራይ ውሌ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ወደ ዮትሱጊ ልግባ ወይስ እዚሁ ልቆይ?

ከሃቺዮጂ

መልስ

ውድ እኅታችን፣

ነገሩን ከስሜቱ በፊት በሰዓት እናስላው። ከዮትሱጊ ተነሥተው፣ አሳኩሳባሺ ላይ ባቡር ቀይረው፣ የከተማውን መሐል ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ታቺካዋ እስኪደርሱ፣ በእግር የሚሄዱትን ጨምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስድብዎታል፤ ደርሶ መልሱ በቀን ሦስት ሰዓት ነው። እትዬ ጎረቤትዎ ቢሆኑም እርስዎ ከሥራ ሲገቡ እርሳቸው ለመኝታ ሲሰናዱ ነው የሚደርሱት፤ ስለዚህ በሥራ ቀን የሚገናኙት ዛሬ ከሚገናኙት እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ላይ መያዣው፣ ለአከራዩ የሚሰጠውና የማይመለሰው ገንዘብ፣ የደላላውና የዋስትና ድርጅቱ ክፍያ ሲደመር የጃፓን ቤት መቀየር የበርካታ ወራት ኪራይ ያህል ኪስ ያራቁታል። ውል ማደስም ቢሆን በቶኪዮ አካባቢ ብዙ ጊዜ የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከመቀየሩ ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ነው።

«ዳር» የሚለውን አልቀበለውም። ሃቺዮጂ ቶኪዮ ተስፋፍታ የፈጠረቻት ሰፈር ሳትሆን የሐር ንግድ ማእከል የነበረች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ እርስዎ ወደ ወደቡ የሚወርዱበት የዮኮሃማ መስመርም እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ትልቁ ዓላማው ያንን ሐር ወደ መርከብ ማድረስ ነበር። ባቡርና ንግድ እንዴት እንደሚዛመዱ ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዛሬም በከተማዋና በዙሪያዋ ከ20 የሚበልጡ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች አሉ፤ ስለዚህ እንደ እርስዎ ከሌላ አገር መጥቶ ሰው የሚፈልግ ወጣት በአቅራቢያዎ አይጠፋም።

የእናትዎ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሊያልፉትም አይገባም። እኔ እንደማየው ያጎደለብዎት ባቡሩ ሳይሆን ሁልጊዜ ወደ አዲስ ጣቢያ መሄድዎ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያይዎት ባለሱቅ ሰላምታ ሰጥቶ ይሸኝዎታል፤ በየሳምንቱ የሚያይዎት ግን ውሎ አድሮ ከየት እንደመጡ ይጠይቅዎታል። ጃፓኖች ቀስ ብለው ነው የሚቀርቡት፣ መቅረባቸው ግን አይቀርም። ስለዚህ ለጥቂት ወራት አዲስ መስመር ማሰሱን ገታ አድርገው በመሥሪያ ቤትዎ ወጪ የያዙትን ቴይኪ፣ ማለትም የመመላለሻ ትኬት፣ ይጠቀሙበት። ከሃቺዮጂ ታቺካዋ ያለው የመመላለሻ ትኬት በመካከል ባሉት በቶዮዳና በሂኖም ያስወርድዎታል፤ በእረፍት ቀንም ቢሆን የፈለጉትን ያህል ቢወጡና ቢወርዱ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ ከታቺካዋ አልፈው ሲሄዱም የሚከፍሉት ከዚያ ወዲያ ላለው ብቻ ነው። ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ በጎ ፈቃደኞች የሚሰጡትን የጃፓንኛ ትምህርት ቢፈልጉ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን የሚጠብቅዎት ሰው ያገኛሉ። ቋንቋውን ጎበዝ ቢሆኑ እንኳ ይሂዱ።

ዮትሱጊን ደግሞ አይተዉት። በወር ሁለት ቅዳሜ፣ በዓል ሲሆንም ዋዜማውን፣ እትዬ ቤት አድረው ይመለሱ፤ የመጨረሻው ባቡር ከእኩለ ሌሊት ብዙ ሳይርቅ ስለሚያልፍ አምሽቶ መመለስን አልመክርዎትም። ሁልጊዜ የሚሄዱት እርስዎ ብቻ መሆንዎ ግን አልተዋጠልኝም። ጓደኞችዎ ምዕራቡን የናቁት ስለማያውቁት ሊሆን ይችላልና ይጋብዟቸው። መጀመሪያ የሚወስዷቸው ቦታም አለ፦ ከሃቺዮጂ በኬይዮ መስመር ወደ ሺንጁኩ ሲሄዱ ቶቢታክዩ የሚባል ጣቢያ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964 ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ፣ በኮሹ ካይዶ አውራ ጎዳና እየሮጠ መጥቶ ወደ ስታዲየሙ የታጠፈው እዚያ አጠገብ ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሰከንድ ገብቶ አሸነፈ። መታጠፊያውን የሚያመለክት ሐውልት በመንገዱ ዳር ቆሟል። ያንን አይተው ወደ ምዕራብ ቢቀጥሉ ከዚያው መስመር የሚገነጠለው የታካኦ ቅርንጫፍ መጨረሻ 599 ሜትር ከፍታ ካለው ከታካኦ ተራራ ሥር ያደርሳችኋል፤ ቅጠሉ የሚቀላበት የኅዳር እሑድ ግን ሰው ስለሚበዛበት ሌላ ቀን ይምረጡ።

ይህን ሁሉ ሞክረው ብቸኝነቱ አሁንም ከከበደብዎ፣ ያን ጊዜም ቢሆን ምክሬ ዮትሱጊ ሳይሆን ሚታካ ነው። ኪራዩ ከሃቺዮጂ ይወደዳል፤ ይሁን እንጂ ወደ ታቺካዋ በፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፣ ጠዋት የሚሄዱትም ሕዝቡ ከሚጎርፍበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ቢጫ ባቡርም ከዚያው ስለሚነሣ ከመነሻው መቀመጫ ይዘው አሳኩሳባሺ ድረስ ሳይቀይሩ ይደርሳሉ። ቤት ከመያዝዎ በፊት መሥሪያ ቤትዎ የአዲሱን መስመር ቴይኪ እንደሚከፍል ያረጋግጡ፤ ከገቡ በኋላም በ14 ቀናት ውስጥ በአዲሱ ከተማ ጽሕፈት ቤት አድራሻዎን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ለጊዜው ግን አሁን ያለውን ውል አውጥተው የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ውሎች ቤት ከመልቀቅ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ማሳወቅን ይጠይቃሉ።