ድንጋዩን ከማጽዳታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ ልጅ «ጋሼ፣ የሰበሰብኳቸውን ድንጋዮች በምን ላጽዳቸው?» አለኝ። መልሱ አጭር ነው። ድንጋዩ በውሃ የሚሟሟ እንደ ጨው ያለ ካልሆነ በስተቀር ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ግን አንድ የድሮ ጥፋቴ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አዛውንት ባልደረባዬ ጡረታ ሲወጡ ከጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ድንጋይ አንስተው ሰጡኝ። እጅ የምትሞላ ጥቁር ባዛልት ናት። መሃሏ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ እንደ መስታወት የጠሩ ክሪስታሎች በቅለዋል። ከሥሯ በእጃቸው የጻፏት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች።

እኔ ሆዬ ክሪስታሉን አይቼ «ኳርትዝ ነው» አልኩ። አለቀ። በቢላ ጫፍ እንኳ ጫር አላደረግኩትም። የማዕድን ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው፤ ቢላ አይጭረውም። ኳርትዝ ሊመስል የሚችለው ካልሳይት ግን 3 ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። ይህን ፈተና ላይ በትክክል መልሼ ያለፍኩ ሰው ነኝ!

ክሪስታሎቹ ላይ የዝገት እድፍ ነበር። አሲድ ውስጥ ዘፈዘፍኳት። አረፋው ሲንተከተክ እድፉ እየለቀቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ቀዳዳው ባዶ ነበር። አሲድ የሚያሟሟው ካልሳይት ነበራ! ወረቀቷም ጽሑፏ ጠፍቶ ነጭ ሆናለች።

አዛውንቱ ቆይተው «ድንጋይዋስ?» ሲሉኝ «ቤት አለች» አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ ዛሬም አለች።

ለነገሩ ትምህርቱ ሁሉ እሷ ላይ ነበር። ባዛልቱ ከቀለጠ ላቫ የረጋ አለት ነው። ካልሳይቱ ማዕድን ነው፤ ቆይቶ ውሃ ተሸክሞ ያመጣው። ያው ካልሳይት ተከማችቶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ሙቀትና ግፊት ሲለውጠው እብነ በረድ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ ታነሱና ስሙን ትጠይቃላችሁ። ቀለም እኮ ያታልላል። ፓይራይት የሚባለው ማዕድን ወርቅ ይመስላል። ቅብ በሌለው ሴራሚክ ላይ ስትፈገፍጉት ግን ጥቁር መስመር ይተዋል፤ ወርቅ ቢጫ ነው የሚተወው። ስልክ አይፈገፍግም። እርግጥ እኔም ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ሳይሻለኝ አይቀርም ነበር።

የሚቆጨኝ ክሪስታሉ አይደለም። ካልሳይት ሞልቷል። ወረቀቷ ላይ ድንጋይዋ የተገኘችበት ቦታ ተጽፎ ነበር፤ አንድ ቀን አነበዋለሁ እያልኩ ሳላነበው ቀረሁ። ሄጄ እንዳልጠይቃቸው ጉዴ ሊታወቅ ሆነ።

ልጁን ለእያንዳንዱ ድንጋይ ያገኘበትን ቦታ በእርሳስ እንዲጽፍ ነገርኩት። የብዕር ቀለም ይለቃል።