በቡድን የጎዳና ብስክሌት ውድድር፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በመካከላቸው ባሉ ከተሞች ብስክሌትን ለመመላለሻ ሲነዱ ኖረው አሁን ከክለብ ጓደኞቻቸው ጋር ወደ አማተር የጎዳና ውድድር ለመግባት ያሰቡ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ጥያቄዎችን አቅርበዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ፣ እንደ አንድ ነባር የክለብ አባል በማውቀው መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ጋሼ፣ ያለኝ ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ነው። ይህን ይዤ ክለብ ብገባ መሳቂያ አልሆንም?

አትሆንም፣ ወንድሜ። ጥርስ የሌለው ቀጭን ጎማ አስገባበት፤ ካቴናውን አጽድተህ ዘይት ቀባው፤ ፍሬኑን በደንብ አስጠብቀው። ለልምምድ ይህ ይበቃል። የራስ ቁር ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም፤ ያለ እርሱ የሚያስወጣህ ክለብ ካለ ያን ክለብ ተወው። ለውድድር ስትመዘገብ የብስክሌቱ ዓይነት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ክንድ የሚያስደግፈውን ተጨማሪ መሪ በተመለከተ፣ እርሱ ለብቻ በሰዓት ለሚደረግ ውድድር የተሠራ ስለሆነና እጅን ከፍሬን ስለሚያርቅ፣ በስብስብ በሚደረግ የጎዳና ውድድር የተከለከለ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ መስመሩን ቀድሞ የሚያልፈው አንድ ሰው ከሆነ፣ እኛ ለእርሱ ስንል ነፋስ ስንገፋ የምንውለው ለምንድን ነው? እኛም እኮ ከፍለን ነው የተመዘገብነው።

በየክለቡ የሚነሳው ቅሬታ ሁሉ ምንጩ ይኸው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ፍጥነቱን ወደ 40 ለማሳደግ ቢፈልግ፣ አየሩን ለመሰንጠቅ ብቻ የሚያወጣው ኃይል ከእጥፍ በላይ ይሆንበታል። ከፊቱ ካለው ጓደኛው ጎማ ኋላ ተጠግቶ የተጠለለ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት እየተጓዘ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። እንግዲህ አምስት ሆናችሁ ገብታችሁ አምስታችሁም እኩል ነፋስ ብትመቱ፣ በመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር አምስታችሁም እኩል ደክማችሁ ትደርሳላችሁ፤ ከሌላ ክለብ ተጠልሎ የዋለ አንድ ሰውም ሁላችሁንም ጥሏችሁ ይሄዳል።

ነገሩ ወንፈል ነው፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታጨዳል፣ በሚቀጥለው ውድድር የሌላው። ወንፈል የሚጸናው ግን ተራው ሲጠበቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ የአንድ ሰው ማሳ ብቻ የሚታጨድበት ክለብ በክረምቱ ሲፈርስ ብታዩ አይድነቃችሁ። ስለዚህ ለማን እንደሚሠራ ከውድድሩ ዋዜማ ማታ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ መድረሻው ዳገት ከሆነ ቀላል ሰውነት ላለው፣ ሜዳ ከሆነ በመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ለሚፈነጠረው። ሁለተኛ ሰውም ምረጡ፤ የምትሠሩለት መሪ ጎማ ቢፈነዳበት ወይም ዕለቱ ባይቀናው መንገድ ላይ ክርክር አይነሳም። በሙያ ደረጃም ቢሆን ሥራው ይኸው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ሲጋልብ አብዛኛው ድካሙ ለቡድኑ መሪዎች ነበር፤ ይህም ክብሩን አልቀነሰበትም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ከፊት ሆኖ መምራት ለምን ያህል ጊዜ ነው? እኔ ተራዬ ሲደርስ ጠንክሬ ስሄድ ጓደኞቼ ይቆጣሉ።

ቢቆጡ እውነት አላቸው። ተራህ ሲደርስ የሚጠበቅብህ የነበረውን ፍጥነት ሳታጓድል መቀጠል ነው። ከፍ ባደረግኸው ቁጥር ገና ተራውን ጨርሶ ወደ ኋላ የተመለሰው ሰው የመጨረሻውን ጎማ ለመያዝ፣ ማለትም ከመጨረሻው ሰው ኋላ ለመጠጋት፣ ይሮጣል፤ ሊያርፍበት በሚገባው ደቂቃም ጉልበቱን ይጨርሳል። በውድድር ፍጥነት ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ስትጨርስ ወደ ጎን በእርጋታ ወጣ ብለህ መርገጡን ቀነስ አድርግ፤ ፍሬን አትንካ። የደከመህ ቀን ደግሞ አስር ሰከንድ መርተህ ብትወጣ ማንም አይቀየምህም። የሚያስቀይመው ከፊት ቆይቶ ፍጥነቱን ማውረድ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ወደ መራዊ ስንሄድ እንበራለን፣ ስንመለስ እንሞታለን። መንገዱ እኮ ያው ነው።

መንገዱ ያው ቢሆንም ሰዓቱ ሌላ ነው። ማለዳ ላይ አየሩ ጸጥ ይላል፤ ረፋድ ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ሲሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳር ስለሆነች፣ ከመራዊ ስትመለሱ ይህን ነፋስ በፊት ለፊት ወይም በጎን ትቀበሉታላችሁ። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ የሚደረግ ደርሶ መልስ ውድድር በአብዛኛው የሚወሰነው በመልሱ ጉዞ ነው፤ ስትሄዱ መፈንጠዝ አያዋጣም።

የጎን ነፋስ ሲመጣ ደግሞ በቀጥታ ከኋላ መከተል መጠለያ መሆኑ ይቀራል። ነፋሱ ከግራ ከሆነ ከፊት ያለው ሰው ወደ መንገዱ መካከል ጠጋ ይላል፤ ሌሎቹም አንዱ ከሌላው በስተቀኝና ጥቂት ወደ ኋላ እየሆኑ እስከ አስፋልቱ ዳር በሰያፍ ይደረደራሉ። ዳር ላይ ቦታ ያጣ ሰው ነፋሱን ብቻውን ይመታል፤ ስብስብ የሚበጣጠሰውም እዚያ ነው። ነፋሱ ከቀኝ ሲሆን ሰልፉ ወደ መካከለኛው መስመር ይዘረጋልና፣ መንገዱ ለመኪና ክፍት ከሆነ ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ አትደርደሩ፤ የቀራችሁት ከኋላ ሌላ ሰያፍ ሥሩ። መስመሩን ተሻግሮ ከሚመጣ አይሱዙ ጋር የሚገናኝ ሰው ስለ ቦታ መከራከር አይችልም።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በሁዳዴ እንዴት ልለማመድ? በውድድር ላይስ ከውጭ የሚመጣውን ጣፋጭ ካልገዛን አንችልም?

በመጀመሪያ ስለ ምግቡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በጠንካራ ፍጥነት የሚጋልብ ሰው በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር (ካርቦሃይድሬት) ቢወስድ ጉልበቱ በድንገት አይከዳውም። ይህን ከሱቅ መግዛት የግድ አይደለም። 100 ግራም በሶ ወደ 70 ግራም ይሰጣል። ሆኖም በሶ አሰር ስላለው ሆድ ላይ ይከብዳል፤ ቦታው ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት ወይም በረጅሙ የልምምድ ጉዞ ላይ ነው። በጭብጦ መልክ አነስ አነስ አድርጋችሁ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከጀርባ ኪስ ብታስገቡ በአንድ እጅ ለማውጣትም ይመቻል፤ ውኃ ግን አብዙ፣ አለበለዚያ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በውድድሩ ውስጥ በግማሽ ሊትር ውኃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥጫ ጨው በጥብጡ፤ 50 ግራም ገደማ ይሆናል። የጎጃም ሰው ማር ትቶ በውድ ዋጋ የታሸገ ስኳር ሲገዛ ማየት ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማንኛውንም ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ቀን አትሞክሩ።

ስለ ጾሙ፦ በሁዳዴ ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምግብ መከልከል ስለሌለ፣ ረጅሙን ልምምድ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አድርጉ። በአዘቦት ቀን ከምግብ የሚከለከል ሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቀመስ አድርጎ አንድ ሰዓት ቀለል ያለ ጉዞ ይበቃዋል። ባዶ ሆድ ላይ ከባድ ልምምድ ጉልበት አይሠራም። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ጡንቻን ለመጠገን ጥሩ ናቸው። የቀረውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ሴት ነኝ፤ በክለባችን ብቻዬን ነኝ። ከወንዶቹ ጋር ብለማመድ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?

እህቴ፣ ጎማ መያዝን፣ በስብስብ ውስጥ መጠምዘዝንና መቀያየርን ለመማር ይጠቅምሻል። ጉዳቱ በእያንዳንዱ ዳገት ከአቅምሽ በላይ እየሄድሽ ማረፍ ሲያቅትሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከእነርሱ ጋር ውጪ፤ የዳገት ልምምድሽን ግን በራስሽ መጠን ለብቻሽ ሥሪ። አንቺ የምትኖሪው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ወርደሽ ስትወዳደሪ ትንፋሽሽ ያግዝሻል። ክለባችሁ ተጨማሪ ሴቶችን እንዲመዘግብም አትዘኚላቸው፣ ወትውቻቸው።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ዓባይ በረሃን ወርደን ብንወጣ ምርጥ ልምምድ አይሆንም?

አወጣጡ ምርጥ ነው፤ አወራረዱን ግን እሽቅድምድም አታድርጉት። ከደጀን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ተዳፋቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ሞገድ ይሠራል፤ ከባድ መኪኖችም ፍሬናቸው እየሸተተ በዝግታ ይወርዳሉ። በጠርዝ ላይ የሚይዝ ፍሬን ያላችሁ ሳትለቁ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ጠርዙ ግሎ ካላማዳሪውን ያፈነዳል፤ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል። ስትወጡ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ ተጠቀሙ። አማተር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነም ከሰው ኋላ መጠለል የሚያተርፈው ጥቂት ነው። እዚያ ጓደኛን መጠበቅ ማለት ውኃ ማካፈል ነው። ማለዳ ውጡ፤ ከታች ያለው ሙቀት የደጀንን ብርድ የለመደ ሰው ያታልላል።

ጥያቄ፦ የልብ ምት መለኪያ ያስፈልጋል?

ለጀማሪ አያስፈልግም። ያን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ አውሉት።

ጥያቄ (ከደንበጫ)፦ በውድድር መካከል የአንዳችን ጎማ ቢተነፍስ ሌሎቻችን እንቁም?

መሪያችሁ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቆሞ ጎማውን ይስጠው፣ ወይም ጠብቆ ወደ ስብስቡ ይመልሰው። ሌላ ከሆነ ውድድሩ ይቀጥላል፤ እርሱም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እያንዳንዱ ሰው ትርፍ ካላማዳሪና ትንሽ ፖምፓ ይያዝ፤ በሁለት ከተሞች መካከል ጎሚስታ አይገኝም። ከፊት ያለው ሰው ደግሞ «ጉድጓድ!»፣ «ከብት!»፣ «ባጃጅ!» እያለ በእጁም እያሳየ መጮኽ ግዴታው ነው፤ በተለይ በገበያ ቀንና እህል አስፋልት ላይ በሚሰጣበት ወራት። ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ በድጋሚ)፦ ሽልማት ቢገኝስ፣ ለማን ነው?

ሜዳሊያው መስመሩን ላለፈው ነው። ገንዘቡ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ለመሪው ሲሉ ነፋስ መትተው በመንገድ የቀሩትን ጨምሮ በዕለቱ ለተሰለፉት ሁሉ እኩል ይከፈል፤ ይህም ከምዝገባው በፊት በጽሑፍ ሠፍሮ ሁሉም ይፈርምበት።