ሁለቱን ፈተና ለወደቀ መድኃኒት

ለፋርማኮሎጂ ተማሪዎች፦

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ፣ «የማጠናው ተክል ኤክስትራክት አይጦቹን ከኤሌክትሪኩም ከፔንቲሊንቴትራዞሉም አላዳነም፤ ርዕሴን ልቀይር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፍለጋ ነው፦ አይጦችን በኤሌክትሪክ ወይም ፔንቲሊንቴትራዞል በተባለ ኬሚካል እያንፈራገጥን፣ የሚፈተነው መድኃኒት ጥቃቱን ይከላከል እንደሆነ እናያለን። በሙያችን ሁሌም የሚቆጨኝን ነገር ስለቀሰቀሰችብኝ መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድሁ።

ሌቬቲራሴታምን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ለሚጥል በሽታ በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ነው። በጤነኛ አይጦች ላይ በእነዚሁ ሁለት ፈተናዎች ሲሞከር ግን ወደቀ። ዶዙ እጅግ ቢጨመርም የአይጦቹ የኋላ እግሮች ግትር ብለው ወደ ጅራት መዘርጋታቸውን አልተዉም። ያተረፈው ሌላ ዓይነት እንስሳ ላይ መሞከሩ ነው፦ ድምፅ ሲሰሙ የሚንፈራገጡ የአይጥ ዘሮችና በኪንድሊንግ፣ ማለትም ደካማ ኤሌክትሪክ ወይም ትንሽ የኬሚካል ዶዝ እየተደጋገመባቸው አንጎላቸው ለጥቃት የተጋለጠ እንስሳት። እዚያ በትንሽ ዶዝ ሠራ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ፈቀደችው፤ የሚጣበቅበት ፕሮቲን ኤስቪ2ኤ መሆኑ የታወቀው ግን በ2004 ነው። በዚያ ወንፊት ሾልከው የተጣሉ ሌሎች ስንት ይሆኑ? ፈተናው ሲጀመርም የተመዘነው በአንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። ሐኪሞቹ ፑትናምና ሜሪት በ1937 ቦስተን ውስጥ ድመቶችን በኤሌክትሪክ እያንፈራገጡ ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ጥቃቱን እንደሚከላከል አገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪኩ ፌኒቶይንን የሚመስለውን ሲያሳልፍ ኖረ።

የኬሚካሉ ፈተናም ያሳስታል። ላሞትሪጂን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፔንቲሊንቴትራዞልን አይከላከልም፣ ልጆች ለአፍታ ፈዝዘው የሚቀሩበትን የአብሰንስ ጥቃት ግን ያክማል። ሌላው መድኃኒት ታያጋቢን ይከላከላል፣ አብሰንስን ግን ያባብሳል።

ይህን ስል ሁለቱን ፈተና ዝለሉ ማለቴ አይደለም። በእነሱ ጀምሩ፣ ግን በትክክል ሥሯቸው። ለትንሿ አይጥ (ማውስ) 50 ሚሊአምፒር፣ 60 ኸርዝ፣ 0.2 ሰከንድ በዓይን ኤሌክትሮድ ይሰጣል። ዓይኑ ላይ ማደንዘዣ ያለበት ሳላይን አስቀድማችሁ ካላንጠባጠባችሁ አይጡ ይሠቃያል፤ ዓይኑ ከደረቀም ኮረንቲው በቅጡ አይገባም፤ ያኔ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላችኋል። ፔንቲሊንቴትራዞል በኪሎ 85 ሚሊግራም አንገት ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ 30 ደቂቃ ዓይን ሳይነቀል ይታያል። ማሟሚያውን ብቻ የወሰዱት አይጦች ካልተንፈራገጡ የዚያ ቀን ውጤት ዋጋ የለውም።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፣ ግን የቀድሞ ቴሲስ ዶዝ መቅዳት ታበዛላችሁ፦ በኪሎ 100፣ 200፣ 400 ሚሊግራም። ለምን ስትባሉ መልስ የለም። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ፈተናው የሚደረግበትን ሰዓትም እንዲሁ። አንዱ ኤክስትራክት በግማሽ ሰዓት፣ ሌላው በአራተኛው ሰዓት ሊበረታ ስለሚችል ሁለቱንም ሞክሩ። ደግሞ የፈዘዘ አይጥ የተጠበቀ ሊመስል ይችላል። በደቂቃ 6 ጊዜ በሚዞር ዘንግ ላይ አውጡት፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስቴ ከወደቀ ዶዙ መርዟል።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ ርዕስሽን አትቀይሪ። በ6 ኸርዝ፣ 32 ሚሊአምፒር፣ ለ3 ሰከንድ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ፈተና ሌቬቲራሴታም እንደሚሠራ ያሳያል። መሣሪያው ከሌለሽ በፔንቲሊንቴትራዞል ኪንድሊንግ ሥሪ፦ በኪሎ 35 ሚሊግራም፣ በየሁለት ቀኑ፣ ሆድ ውስጥ። የመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ምንም ላያሳዩ ይችላሉ፤ ጥቃቱ የሚበረታው እየቆየ ነው። ሳምንታት ስለሚፈጅና መንገድ ላይ የሚሞቱ አይጦች ስለማይጠፉ፣ በየቡድኑ ትርፍ አይጥ ከወዲሁ አስፈቅጂ።