ወደ ተራራው እግር እስክንደርስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዲስ አበባ አካባቢ ስላሉት ስለ ዝቋላና ስለ ወጨጫ ተራሮች የእግር ጉዞ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዳገቱን ትተው እስከ ዳገቱ ስላለው መንገድ ይጠይቃሉ። እውነታችሁን ነው። ብዙ ሰው አቅሙን ታክሲ ውስጥ ጨርሶ ነው ተራራው ሥር የሚደርሰው።

ጥ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ዝቋላ ለመሄድ ወደ ኋላ ቃሊቲ ድረስ መመለስ አለብኝ?

መ፦ ሲታሰብ ሞኝነት ይመስላል። ቢሾፍቱ ከፊትህ ናት። ግን ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ዳር ብትቆም የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቷል። ቢቆምልህም ረዳቱ «ጠጋ በሉለት» ብሎ ወንበር ጫፍ ላይ ይሰካሃል። እስከ ቢሾፍቱ በአንድ ጎንህ ተንጠልጥለህ ነው። ብቻህን ከሆንክና ቦርሳህ ትንሽ ከሆነ ሞክረው። ሦስት አራት ከሆናችሁ ግን መናኸሪያ ተመልሳችሁ ወንበር ይዛችሁ ተነሱ። 12 ሰዓት ላይ እዚያ ካልደረሳችሁ የቀረው ቀን ሁሉ እየተገፋ ይሄዳል።

ጥ፦ ከቢሾፍቱ በኋላስ? ከባዱ እሱ ነው ይላሉ።

መ፦ ነው። ከቢሾፍቱ ተራራው ሥር እስካለችው ወምበር ማርያም ድረስ ርቀቱ ብዙ አይደለም፤ ሰዓት የሚበላው ጥበቃው ነው። መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ነው። ሞላ ስትሉ ደግሞ አንድ ኩንታል ይመጣል። ኩንታሉ እላይ ተጭኖ ሲያልቅ ባለቤቱ «መጣሁ» ብሎ ገበያ ውስጥ ይጠፋል። መንገድ ላይም የአድአ ሜዳ አያልቅም። ዝቋላ ከሩቅ ጀምሮ ፊት ለፊት ይታያል፣ ግን አይቀርብም።

አፈሩ ዋልካ ነው። ማኛ ጤፍ የሚያበቅለው ያው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ ይይዛል፤ ወርዳችሁ ብትገፉ ጫማችሁን ያስቀራል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባትሞክሩት ይሻላል። ገንዘብ አዋጥታችሁ ኮንትራት ብትይዙ ግማሽ ቀን ታተርፋላችሁ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ሲደርስ፣ መኪና በሽ ነው። ሰዉም እንደዚያው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝቋላ ስትሄዱ መጀመሪያ ትወርዳላችሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ። የተራራው ጫፍ 2,989 ሜትር ነው። ሙቀት ውስጥ ተቀምጣችሁ ቆይታችሁ ነው ዳገቱን የምትጀምሩት፤ ውኃ ቀድማችሁ ጠጡ።

ጥ፦ የ61 ዓመት ሰው ነኝ። ጉልበቴ ይችለው ይሆን?

መ፦ ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚራመዱ ከሆነ ዳገቱን ቀስ ብለው ይወጡታል። እኔን የሚያሳስበኝ የኋላ ወንበር ነው። ጉልበት ታጥፎ ሲቆይ ይደርቃል። ቀደም ብለው ደርሰው ጋቢና ይያዙ። እንደወረዱ ዳገት አይጀምሩ፤ ሻይ ይጠጡ፣ ሜዳው ላይ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ከተመቸዎ ደግሞ አርብ ማታ ቢሾፍቱ ይደሩ። ለእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ለማንም የምመክረው ይኼን ነው።

ጥ፦ ወጨጫን በሰበታ ነው በመናገሻ ከተማ በኩል የሚሻለው?

መ፦ ከጀሞ፣ ከለቡ ወይም ከአየር ጤና ለሚነሳ ሰበታ። ከአሸዋ ሜዳና ከቡራዩ ለሚነሳ መናገሻ። አዲስ አበባን አቋርጦ «ወደሚሻለው» በር መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

በሰበታ በኩል እስከ ዓለም ገና ያለውን መጨናነቅ ካለፋችሁ አስፋልቱ ቀላል ነው። ከዚያ ወጨጫ ተዳፋት ላይ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ጽሕፈት ቤት የሚወስደው ኮረኮንች ይጀምራል፤ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ታክሲ እንደልብ አይገኝም። በእግር እንሂደው የሚሉ አሉ። ይቻላል፣ ግን ጥዱና ዝግባው ጋ ስትደርሱ እግራችሁ አልቋል፤ ጉሬዛው እላይ እየዘለለ ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ትሰንፋላችሁ። እስከ ደኑ መኪና ያዙ፣ እግራችሁን ለጫፉ አስቀምጡት። ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው።

ጥ፦ መኪና ያስመልሰኛል። ምን ላድርግ?

መ፦ ሆድሽን ባዶ አታድርጊ፣ ከመጠን በላይም አትሙዪው። ትንሽ ዳቦ ይበቃል፤ ጭኮውንና በሶውን ለተራራው አቆይው። ከፊት ተቀመጪ፣ ስልክሽን አትመልከቺ፣ ዓይንሽ ሩቅ ይይ። ንፁህ አየርም ይረዳል። መስኮት ስትከፍቺ ከኋላ «ዝጊው፣ ብርድ ይመታናል» የሚል እንደማይጠፋ ታውቂያለሽ። «ያስመልሰኛል» በይው፤ ራሱ ይከፍትልሻል።

ጥ፦ ወንድሜ ከውጭ መጥቷል፤ በማግስቱ ይዤው ልውጣ?

መ፦ ባሕር ጠረፍ ካለ አገር ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ይረፍ። እኛ ከፍታውን ለምደነዋል፣ እሱ አልለመደውም።

ጥ፦ ሰላሙስ?

መ፦ የካቲት 2016 ዓ.ም. በዝቋላ ገዳም መነኮሳት መገደላቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ከመነሳታችሁ በፊት በመንገዱ የሚመላለሱ ሾፌሮችንና የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። «ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ይቅር። ተራራው የትም አይሄድም።

ጥ፦ ስንመለስ መኪና እናገኛለን?

መ፦ አመሻሽ ላይ ከታች ቆማችሁ መኪና መጠበቅን አልመክርም። ከ8 ሰዓት ሳያልፍ ጫፉ ላይ ባትደርሱም ተመለሱ። ኮንትራት ከያዛችሁ የሾፌሩን ስልክ ተቀበሉ። ሙሉ ሒሳቡን ግን ጠዋት አትስጡት፤ ግማሹን ማታ ቢሾፍቱ ስትወርዱ።